በበዓለ ሃምሳ የጾምኩት ረቡዕ

ማስተዋልን ከማወቄ በፊት ነገሩ እንዲህ ነበር።

ዕድሜዬ ሠላሳ አራት። ስሜ ዘመነ። ሥራዬ መሬት መለካት። የምኖረው ወረታ፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች ከሚለያዩበት መገንጠያ ሁለት መቶ እርምጃ ገባ ብሎ፣ ከእናቴ ከጥሩብርሃን ጋር። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አርበኞች ከጣሊያን ጋር የተዋጉባቸውን ቦታዎች በእግሬ እየዞርኩ አያለሁ። እስከዚያ ድረስ አሥራ አንድ ቦታ ረግጫለሁ፤ ዘጠኝ የመታሰቢያ ድንጋይ ለክቻለሁ። በየድንጋዩ ላይ ያለውን ስም በደብተር ገልብጫለሁ። አንድ ፊደል ስሳሳት ገጹን በሙሉ እንደገና እጽፋለሁ።

አንድ ነገር ግን ደብተሬ ላይ አልነበረም። በሠላሳ አራት ዓመቴ ከሸክላ ሠሪ ቤት አንድ ጉንጭ ውሃ ቀምሼ አላውቅም። አትቅመስ ያለኝ ሰው የለም። ዓይናቸው ይከፋል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ነገሩን አላምንበትም። ቢሆንም አይቀመስም። በቃ።

አሥራ ሁለተኛው ቦታ ከወረታ በስተምሥራቅ ነው፤ የፎገራ ሜዳ አልቆ ዳገቱ ሊጀምር ሲል ያለ ጉብታ። ጫፉ ላይ ሰባት ስም የተቀረጸበት ድንጋይ ቆሟል። ሦስተኛው ስም የእናቴ አያት ነው። «ውጊያው እዚህ ነበር» ይላል ሰው ሁሉ። እኔ ግን ሦስት እሑድ ጉብታውን ስንዝር በስንዝር ባስስ፣ አንዲት የተተኮሰች ጥይት ቀለህ አላገኘሁም።

ለአራተኛ ጊዜ የሄድኩት ማክሰኞ ነው፤ ጥር ውስጥ። ለሥራ በዚያ በኩል ወጥቼ ነበር። ከድንጋዩ ቁልቁል እርምጃዬን እየቆጠርኩ ስወርድ፣ እስከ ወገቧ ጉድጓድ ውስጥ የገባች ሴት በዶማ ትቆፍራለች።

«አንቺ! እዚያ ጋ አትቆፍሪ!»

ቀና አለች። ግንባሯ ላይ ጭቃ አለ።

«ለምን? የአባትህ መሬት ነው?»

«የታሪክ ቦታ ነው። ጦርነት የተደረገበት።»

«እሱንማ ካንተ ይልቅ አውቃለሁ።»

«እንዴት? ድንጋዩ እኮ እላይ ነው ያለ።»

ሳቀች። «ድንጋዩን እዚያ ያቆሙት ከመኪና መንገድ እንዲታይ ነው። ሰዎቹ የተዋጉት ለመታየት መሰለህ?»

ከጉድጓዱ አፍ ላይ የተቀመጠች ስንጥቅ ማሰሮ ነበረች። ገልብጣ አፈሰሰችልኝ። ቀለህ! አረንጓዴ የበላው፣ የተጣመመ፣ ያልተጣመመ...

«አንዳንዱን እናቴ ስትቆፍር ያገኘችው ነው፤ አንዳንዱን እኔ። አፈሩ ውስጥ ከቀረ እሳት ላይ ሸክላውን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ እንለቅመዋለን።»

ተንበርክኬ ቆጠርኩ። ሠላሳ ስምንት። አንዱን ለካሁት፤ አምስት ሳንቲ ሜትር ከሁለት ሚሊ ሜትር።

«ለክተህ ምን ታደርገዋለህ?» አለች።

«እጽፈዋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ... ይታወቃል።»

«እስካሁን እኛ ስናውቀው አልታወቀም ነበር?»

ደብተሬን አጥፌ ወደ ድንጋዩ መመለስ ስጀምር እርምጃዬን መቁጠር ረሳሁ። ተመልሼ ከጉድጓዱ ጀመርኩ። ሁለተኛም ረሳሁ። በሦስተኛው ከኋላዬ ጮኸች።

«ሦስት መቶ አርባ ነው፣ የመሬት ሰውዬ! በየቀኑ የምወጣው ነው!»

ሦስት መቶ አርባ ነበር።

*

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ አብረን እንሄድ ጀመር። ማስተዋል ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ እማማ ገላነሽ ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ እሷም እንደዚሁ። አንድ እሑድ በይፋግ በኩል፣ አንድ እሑድ ሩዝ የታጨደበትን ሜዳ አቋርጠን ወደ ሐይቁ በኩል፣ ሌላ ጊዜ እዚያው ጉድጓዱ ዙሪያ። እኔ ድንጋይ አነባለሁ፣ እሷ አፈር ታነባለች። «ይኸ ተነካክቷል» ትለኛለች፤ «ይኸ ግን እግዜር እንዳስቀመጠው ነው።» ተሳስታ አላየሁም።

ሲርባት ከነጠላዋ ጫፍ ቆሎ ትፈታለች። በመዳፏ ትሰጠኛለች። እበላለሁ። ሜዳውና እኛ ብቻ፤ ሌላ ሰው የለም።

ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ የማፍረው በዚህ ነው።

አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ።

«ያኔ ለአርበኞቹ ውሃ ያቀበለች የእናቴ አያት ናት። ወለተ ሐና ትባላለች። ጥይት እየጮኸ እንስራ ተሸክማ።»

«ማስረጃ አለሽ?»

«እናቴ ነግራኛለች።»

«እሱ ማስረጃ አይደለም፣ ማስተዋል።»

«የናንተስ ድንጋይ ማስረጃ ነው? ቦታውን እንኳ ስቶ የቆመ!»

ሁለት እሑድ አኮረፈችኝ። በሦስተኛው፣ መጋቢት ውስጥ፣ ራሷ ደወለች።

«ና። ዛሬውኑ ና።»

ጉድጓዱን ወደ ሰሜን አስፍታው ነበር። ቀለሁ በሃያ ስድስት እርምጃ ርዝመት ተሰልፎ ወጣ፤ ተኳሾቹ የተኙበት መስመር ነው። ከመስመሩ ጀርባ፣ በዚያው ጥልቀት፣ የተሰበረ እንስራ ገል ተከምሯል። አንገቶቹን ለይቼ ቆጠርኩ። ሦስት እንስራ። በእያንዳንዱ አንገት ሥር በጥፍር የተጫኑ ሦስት መስመሮች አሉ።

«እናቴ እስከ ዛሬ እንዲህ ነው የምትሠራ» አለች። «ከእናቷ የተማረችው ነው። እናቷም ከእናቷ።»

ገሉን እንደያዘች አለቀሰች። እኔ እጇን ያዝኩ። ጭቃው በእጄ ላይ ደረቀ፤ አላራገፍኩትም።

«ማስረጃ ነው» አልኳት።

«አሁን አመንክ?»

«አምኛለሁ። ደግሞም... ወድጄሻለሁ።»

«ይኸንንስ ለክተኸዋል?»

«አልቻልኩም።»

እያለቀሰች ሳቀች። «እንግዲያው ፋሲካ ሲያልፍ ቤት ና። እናቴ ትይህ።»

*

ሁለት ጉዳይ በአንድ ጉዞ መጨረስ የምወድ ሰው ነኝ። ከእናቷ ጋር የምተዋወቅበትን ቀን፣ ጋሸ አበረን ቦታውን ከማሳይበት ቀን ጋር አንድ አደረግሁት። ጋሸ አበረ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ የድንጋዩ ኮሚቴ ሊቀ መንበር። ድንጋዩ ወደ ትክክለኛ ቦታው እንዲወርድ የሚፈቅዱት እሳቸው ናቸው።

ረቡዕ ነበር። ግንቦት መጀመሪያ።

ጋሸ አበረ ጉድጓዱን ዞሩት። ቀለሁን በከዘራ ነካ ነካ አደረጉ። «እውነት ነው፤ እዚህ ነው የተዋጉት» አሉ። ገሉን ሳሳያቸው ግን ፊታቸውን መለሱ። «እሱን ተወው። ቀለሁ ይበቃል።»

የማስተዋል ቤት ከጉድጓዱ መቶ ሰማንያ እርምጃ ነው። እማማ ገላነሽ በር ላይ ቆመው ይጠብቁናል። የክት ቀሚሳቸውን ለብሰዋል።

«ኑ ግቡ! እንደምን ከረማችሁ፣ የኔ ጌቶች!»

ግቢው ተጠርጎ ውሃ ተረጭቶበታል። ሁለት በርጩማ ተዘጋጅቷል። ማስተዋል ጠላ ቀድታ በሁለት የሸክላ ዋንጫ ይዛ ወጣች። ዋንጫዎቹ አዲስ ናቸው። ባንደኛው አንገት ላይ በጥፍር የተጫኑ ሦስት መስመሮች አየሁ። ለእኔ የሠራችው መሆኑን ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ።

ጋሸ አበረ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «እኔን እንኳ ሐኪም ከልክሎኛል፤ ጨጓራዬን። ይባረክ።» ከዚያ ዞረው አዩኝ።

እዚህ ላይ በትክክል ልናገር። ዋንጫው ከእጄ ሁለት ስንዝር ይርቃል። የማስተዋል አውራ ጣት ጠርዙ ላይ ነው። ከወረታ በእግር ነው የመጣነው፤ ከንፈሬ ደርቋል። እጄ ተነሣ። የአጎቴ ዓይን እጄ ላይ አረፈ። እጄ ተመለሰ።

«እኔ... ጾም ነኝ» አልኩ።

«ጾም?» አለች ማስተዋል።

«ረቡዕ አይደል...»

እናትና ልጅ ተያዩ።

«አዎ...» አለች ቀስ ብላ። «ረቡዕ ነው። ይቅርታ፣ ዘመነ። ረስተነው ነው።»

ዋንጫዎቹን ይዛ ገባች። እማማ ገላነሽ መሬት መሬት እያዩ፣ «ጾሙን ይቀበልህ፣ ልጄ» አሉኝ።

መንገድ ላይ ጋሸ አበረ ሳቅ አፍኗቸው ቆሙ።

«ጾም ነኝ! ወይ አንተ ልጅ!»

«ምነው?»

«ዛሬ እኮ ርክበ ካህናት ነው! ፋሲካ ካለፈ ሃያ አራት ቀን! በበዓለ ሃምሳ የሚጾም ክርስቲያን የት አይተሃል? ሐኪም ብትል ይሻልህ ነበር!»

ቆምኩ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ሕፃን ያውቀዋል። አንድ ፊደል ስሳሳት ገጽ የምቀድ ሰውዬ፣ የገዛ ሃይማኖቴን ቀን አቆጣጠር በፍርሃት ረሳሁት።

«ግድ የለህም» አሉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ገብቷቸዋል። ነውር ሳትናገር ነገሩን አሳወቅሃቸው። ጨዋ ልጅ ነህ።»

ከስድብ ሁሉ የከፋ ምስጋና ነበር። እናትና ልጅ ውሸቴን በተናገርኩበት ቅጽበት አውቀውታል። አውቀውም በአጎቴ ፊት እንዳልዋረድ ሸፈኑልኝ። «ረስተነው ነው» አለች፤ የረሳሁት እኔ! «ጾሙን ይቀበልህ» አሉ፤ የሌለውን ጾም!

ደወልኩላት። አላነሣችም። ሰባት ጊዜ ደወልኩ።

*

በገበያ ቀን ወረታ ላይ ድስትና እንስራ ደርድራ ስትሸጥ አገኘኋት። ከፊቷ ቆምኩ።

«ድስት ነው እንስራ?» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ማስተዋል፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁ።»

«ገበያተኛ ጋርደህብኛል። ዘወር በል።»

ዘወር አልኩ። አንዲት ሴት መጥታ እንስራ በጣቷ አንኳኩታ፣ ድምፁን ሰምታ፣ ገዝታ ሄደች።

«ጠልተሽኛል?»

አሁን አየችኝ። «አንተ ብትጠላን ይሻለኝ ነበር። የሚጠላ ሰው ይታወቃል፤ ይሸሹታል። አንተ ግን አትጠላንም። ታፍርብናለህ።»

«አይደለም...»

«ሜዳ ላይ ቆሎዬን ከመዳፌ በላህ። አጎትህ ሲያይህ ጾመኛ ሆንክ። ወለተ ሐና ለማን ውሃ እንዳቀበለች በእጅህ ቆጥረህ እያወቅህ!»

«ውሃ ስጪኝ። አሁን፣ እዚሁ፣ ሰው ሁሉ እያየ እጠጣለሁ።»

«እንደ መድኃኒት? ዓይንህን ጨፍነህ?» አንዱን ድስት አነሣች። «እናትህ ወጥ የምትሠራው በምንድን ነው?»

ዓይኔ ድስቱ ላይ አረፈ።

«በእናቴ ድስት ነው። አምና እኔ ነኝ የሸጥኩላት። እጃችን የሠራው ድስት ይበላበታል፤ እጃችን የቀዳው ውሃ አይጠጣም። ይኸንን ለካው እስቲ፣ የመሬት ሰውዬ።»

ድስቱን ቦታው መለሰችው። ባጃጅ ጥሩንባውን እየነፋ በመካከላችን አለፈ። ሲያልፍ ለሌላ ሰው እየሸጠች ነበር።

*

ከዚያ ረቡዕ በኋላ በአሥራ ስምንተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ዝናቡ ሳይጥል ድንጋዩን ለማውረድ ሰው ተሰበሰበ። ዘጠና ያህል ሰው ነበር። ወጣቶቹ በገመድና በእንጨት እየደገፉ ሦስት መቶ አርባ እርምጃ ቁልቁል አወረዱት፤ ከጉድጓዱ አጠገብ አቆሙት። እማማ ገላነሽና ማስተዋል ከሰው ራቅ ብለው ከግራር ሥር ተቀምጠዋል። እናቴ ከጋሸ አበረ ጎን ቆማለች።

ጥናቱን የማነበው እኔ ነበርኩ። ጋሸ አበረ ጠዋት፣ «ቀለሁን የአካባቢው ነዋሪዎች አገኙት በል፤ ይበቃል» ብለውኛል። ወረቀቱም ላይ እንዲሁ ነበር የጻፍኩት። አዎ፣ ጽፌው ነበር። ማስተዋልን እያየሁ ሳነብ ግን አልወጣልኝ አለ።

«ቀለሁን ያገኙት ወይዘሮ ገላነሽና ልጃቸው ማስተዋል ናቸው» አልኩ። «አንድ መቶ አሥራ ሁለት ቀለህ። ከቀለሁ ጋር የሦስት እንስራ ገል ተገኝቷል። እንስራዎቹን የሠራቻቸውና ውሃ ያቀበለችው ወለተ ሐና ናት፤ የወይዘሮ ገላነሽ አያት። ሰባቱ ሰዎች፣ የእናቴ አያትም ጭምር፣ ከእጇ ጠጥተዋል።»

ጉምጉምታ ተነሣ። አንዱ፣ «የጦርነት ቀን ሌላ ነው!» አለ።

መቆም ነበረብኝ። አልቆምኩም።

«እኔ ግን በሰላም ቀን፣ በርክበ ካህናት፣ ቤታቸው ሄጄ ጠላ ሲቀዳልኝ ጾም ነኝ ብያለሁ። ዋሽቻለሁ። አፍሬባቸው ነው።»

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ብዙ ሰው። «በበዓለ ሃምሳ ጾም!» ይላል ከኋላ ያለው። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ጋሸ አበረ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው አዩኝ። ፊቴ ጋለ፤ ግን ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር። ተናዘዝኩ፤ ተገላገልኩ ብዬ ወደ ግራሩ ሄድኩ።

ማስተዋል ተነሥታ ጠበቀችኝ። ዓይኗ እሳት ነው።

«ደስ አለህ?»

«እውነቱን ነው የተናገርኩት...»

«ያንተን እውነት! እናቴ በክት ቀሚሷ በር ላይ ቆማ የተዋረደችውን አራት ሰው ብቻ ነበር የሚያውቀው። አሁን ዘጠና ሰው ያውቀዋል። እኛን ጠይቀኸን ነበር?»

አልጠየቅኳቸውም። ይህ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን ኃፍረት ለማራገፍ ስል ሁለተኛውን በእናቷ ላይ ጫንኩት።

«ተይው፣ ማስተዋል» አሉ እማማ ገላነሽ። ቀስ ብለው ተነሡ። «ልጄ፣ ውሃ የጠማው ሰው ንግግር አያደርግም።»

ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

«እዚህ የሞቱት ሰዎች ለአያቴ ንግግር አላደረጉላትም። እንስራውን ተቀብለው ጠጡ፤ በቃ።»

ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ገመድ ስጎትት ውዬ፣ ከዚያ ያን ሁሉ አንብቤ...

«እማማ» አልኩ፣ «ጠምቶኛል።»

«ቤቱን ታውቀዋለህ» አሉ።

መቶ ሰማንያ እርምጃ ሄድኩ። ዘጠና ሰው ከኋላዬ ያያል። «ዘመነ!» ብላ እናቴ ስትጣራ ሰማሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተጣራችው። አልዞርኩም። አልዞርኩም የምለው ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ብዞር የምመለስ መስሎኝ ነው።

ማስተዋል ተከትላኝ መጣች። ሳትናገረኝ ገብታ በጣሳ ውሃ ይዛ ወጣች።

«ያ ዋንጫስ?» አልኳት።

«ሰብሬዋለሁ። የዚያኑ ዕለት።»

ጣሳውን ተቀበልኩ። ውሃው ለብ ያለ ነው፤ እንስራ እንስራ ይላል። ጠጣሁት። እስከ ታች።

«ድገሚኝ።»

አየችኝ። ደገመችኝ። ሁለተኛውን ስጨርስ ጣሳውን ከእጄ ወስዳ ግድግዳው ላይ ተደገፈች። እንባዋ በአቧራማ ጉንጯ ላይ መንገድ አወጣ።

«ታርቀናል?» አልኩ።

«አልታረቅንም። ውሃ ነው የጠጣህ።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«አትለካው፣ ሆድየ» አለች። ቃሉ አምልጧት ነው መሰል አፏን በእጇ ያዘች። «አትለካው። ዝም ብለህ ና።»

ሄድኩ። በዝናቡም፣ ሜዳው ውሃ ሲሞላና መንገዱ ሲጠፋም ጫማዬን በእጄ ይዤ ሄድኩ። አንዳንድ ቀን ታናግረኛለች፣ አንዳንድ ቀን የሸክላ አፈር በእግሬ አስረግጣኝ ትውላለች። «ጾመኛው መጣ!» ትላለች ለእናቷ፣ ከሩቅ ስታየኝ። ሰፈሩ ሁሉ እስከ ዛሬ የሚጠራኝ እንዲያ ነው። ይገባኛል።

ኅዳር ላይ እሺ አለችኝ። ሽማግሌ ልልክ ስል ጋሸ አበረ አልሄድም አሉ፤ ጨጓራዬ ነው አላሉም ያን ጊዜ፤ አልሄድም ብቻ ነው ያሉት። እናቴ ድንጋዩ ከወረደበት ቀን ጀምሮ አምስት ወር እህልና ውሃ ከማቅረብ በቀር አላናገረችኝም። ድንጋዩ አሁንም ሰባት ስም ብቻ ነው ያለው። ወለተ ሐና እንድትጨመር ሁለት ጊዜ ጽፌ ጠይቄያለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ አልተፈቀደም።

በጥር፣ በእማማ ገላነሽ ግቢ ተጋባን። እናቴ መጣች። ትሪው ፊት ስትቀመጥ አየኋት፤ ከዚያ ሌላ ቦታ ሄጄ ቆምኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እያወቅሁ ሳላይ የቀረሁት ነገር እሱ ነው። በኋላ የነገረችኝ ማስተዋል ናት።

ለሠርጉ አርባ ስድስት ዘመዶቼን ጠርቼ ነበር። አሥራ ዘጠኙ መጡ። ከአሥራ ዘጠኙ አሥራ አንዱ በሉ። እናቴ አሥራ አንደኛዋ ናት።